ከአጥር ማዶ የተሸኘ መብረቅ

ቡሬ ገበያ ላይ ስለ ጨርቅ ነጋዴው አብዱልሀኪም ሁለት ነገር ይወራ ነበር፤ አቡጀዲ ሲለካ ክንዱ አይሰስትም፣ ወሬ ሲጠይቁት ግን አፉ አይፈታም። ሁለቱም እውነት ነበሩ። ሰው በመጀመሪያው እያመሰገነ በሁለተኛው ያማው ነበር። ወሬ የማይነግር ነጋዴ ማን ይወዳል? ገበሬው ከሽንዲ ድረስ በእግሩ የሚመጣው ለጨርቁ ብቻ መሰላችሁ? አብዱልሀኪም ግን ቢያሙት ግድ አልነበረውም። ዝም ያለው የሚያወራው አጥቶ ሳይሆን የሚያውቀው በዝቶበት ነው። ጓዳው ውስጥ፣ ከበርበሬው ጆንያ ኋላ፣ ሬድዮ ነበረው።

ሬድዮዋን ያገኛት በጎልማሳነቱ ነው። አባቱ ከጅጋ እስከ ሽንዲ በበቅሎ እየዞሩ ጨርቅና ጨው የሚሸጡ ሰው ነበሩ፤ እሱ ደግሞ ራቅ አለና ባሕሩን ተሻግሮ ዓደን ወደብ ጥቂት ዓመት በሸክም ሠራ። ሲመለስ ይዞት የመጣው ሀብት ዐረብኛው፣ ሁለት ጣቃ ሐርና በደረቅ ባትሪ የምትናገረው ሣጥን ነበሩ። ጣልያን ቡሬ ገብቶ ከከተማው በላይ ምሽጉን ሲሠራ፣ ሬድዮ ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ፣ ደብቆ የተገኘ ግን እንደሚሰቀል በገበያ ቀን አዋጅ ተነገረ። አብዱልሀኪም አዋጁን ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ሰማ፣ ከሰው ጋር አብሮ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ቤቱም ገብቶ ሣጥኗን ከበርበሬው ኋላ ሸጎጣት።

ለምን አላስረከበም? ጀግና ሆኖ አይደለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ፈሪ ነበር፤ ከጠብ ይርቃል፣ ባንዳ ሲያይ መንገድ ይለቃል። ነገር ግን ያችን ሣጥን ለማግኘት በጀርባው ስንት ከረጢት እንደ ተሸከመ የሚያውቀው እሱ ነው። ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጆሮውን አስጠግቶ ከሩቅ አገር የሚመጣውን ዐረብኛ ሲሰማ፣ ምሽጉም ባንዳውም ለአንድ አፍታ የሌሉ ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በገዛ እጁ አንስቶ ለጠላት አይሰጥም።

ከዚያ እንዳለው የሚባል ገበሬ መጣ። እንዳለው ገበያ ቀን ኑግ ጭኖ ይመጣል፤ ኑጉን ይሸጥና ለሚስቱ ጨርቅ የሚያስለካ መስሎ ሱቅ ይገባል፤ በጆሮው የያዘውን ይዞ ጫካ ለገቡት አርበኞች ያደርሳል። እንዲህ እያለ የአብዱልሀኪም ደስታ ሳያስበው የብዙ ሰው ጉዳይ ሆነ።

ሣጥኗ ያለ ሽቦ ደንቆሮ ናት። ስለዚህ ከጣራው ጫፍ እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ ሽቦ ተዘርግቶ ነበር፤ ሚስቱ ናዚፋ ልብስ ታሰጣበታለች፣ ያየ ሁሉ የልብስ ማስጫ ነው ብሎ ያልፋል። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤት እማሆይ ሸጋዬ ናቸው። ባላቸው ከሞተ በኋላ ቆብ ደፍተው፣ አንዲት ዳለቻ ላምና አንድ ትልቅ ዋርካ ይዘው የቀሩ ባልቴት ነበሩ። በጾም ወራት ወተት አይቀምሱምና የታለበውን በጮጮ ሞልተው በአጥሩ ቀዳዳ ለናዚፋ ልጆች ያቀብላሉ። «ሥጋችን አይገጥምም እንጂ ወተታችን አንድ ነው» ይላሉ። ማታ ማታ ከአጥሩ ወዲህ የማያውቁት ቋንቋ ሲናገር ይሰማሉ፤ አንድ ቀንም ምንድር ነው ብለው ጠይቀው አያውቁም።

ሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ሲጋመስ፣ ምሽጉ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ተለወጠ ሁሉም አየ። ወታደሩ አዲስ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ካሚዮን ሲመሽ መብራቱን አጥፍቶ ያልፋል። ለምን እንደሆነ የነገረ የለም። የተነገረው ሌላ ነው፦ እስከ ሐምሌ አቦ ጠመንጃውን ይዞ የገባ አርበኛ ምሕረት ያገኛል፤ ያልገባ ቤቱ ይቃጠላል፣ ዘመዱም ይታሰራል። በዚያው ሳምንት እንዳለው ሱቅ ገባ፤ ፊቱ ከስቶ ነበር።

«ሰማህ?» አለ ጨርቁን እያገላበጠ።

«አልሰማሁም።»

«ምን ማለት ነው አልሰማሁም? ሣጥኗ ታመመች እንዴ?»

«ሣጥኗ ደኅና ናት። ሰማዩ ነው የታመመ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬድዮዋን የሸጠለት የዓደን ሰው አጥብቆ አስጠንቅቆት ነበር፤ መብረቅ ሽቦዋን ካገኘ በሽቦው ገብቶ ሆዷን ያቃጥለዋል፣ ከዚያ ወዲያ እንጨት ናት። ነጎድጓድ ስትሰማ ሽቦውን ንቀል አለው። አብዱልሀኪም ደግሞ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው። የቡሬ ደመና ግን በሰኔ የሚሰበሰበው ልክ በመግሪብ ሰዓት ነው፤ ወሬው የሚነገርበት ሰዓትም እሱ ነው። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ሽቦውን እየነቀለ፣ ዓለም ሲናወጥ እሱ ከደንቆሮ ሣጥን አጠገብ ቁጭ ብሎ ከረመ።

እንዳለው ይህን ሲሰማ ጨርቁን አስቀመጠው። «ሰዎቹ ሊገቡ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሚስቶቻቸው አለቀሱባቸው፣ ስንቃቸው አለቀ። ጣልያንና እንግሊዝ ተጣሉ የሚል ወሬ አለ፤ ማን ይመን? ከሣጥኗ አፍ ሳትሰማ እንዳትመጣ ብለውኛል። ከሐምሌ አቦ በፊት ካልነገርሁዋቸው ጠመንጃቸውን አስረክበው ይገባሉ። የገባውን ደግሞ ምን እንደሚያደርጉት አንተም ታውቃለህ።»

አብዱልሀኪም ያውቃል። ባለፈው ዓመት ምሕረት ተብለው ከገቡት መካከል ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አላየም።

ያን ለት ሱቁ ተዘግቶ ሦስቱ ጓዳ ውስጥ መከሩ። ናዚፋ ሐሳቧ አጭር ነበር። «ሽቦውንም አውርዱ፣ ሣጥኗንም ወንዝ ጣሏት» አለች። «ልብስ ከዚያ ሽቦ ላይ ባነሳሁ ቁጥር ማን አየኝ ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ። የፈሩት ይደርሳል።»

«በረዶ የሚመልስ ደብተራ አውቃለሁ» አለ እንዳለው። «በረዶ የመለሰ መብረቅ ያቅተዋል? ክታብ ይጻፍላት።»

«ለእስላም ሣጥን?» አለች ናዚፋ።

«እሱ እህሉን ይስፈሩለት እንጂ ለጅብም ይጽፋል።»

በጭንቀታቸው መሃል ሳቁ። ከዚያ አብዱልሀኪም ከሐሩ ጣቃ ሥር አንዲት ነጭ የሸክላ ቁራጭ አወጣ። ሁለት የናስ ጥርሶች አሏት፤ ጥርሶቹ ሊነካኩ ትንሽ ይቀራቸዋል። የዓደኑ ሰው ነው ከሬድዮዋ ጋር የሰጠው። አንዱ ጥርስ ከላይ ከሚመጣው ሽቦ ጋር ይታሰራል፤ ሌላው ወደ መሬት በሚወርድ ሽቦ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ትልቅ ብረት ጋር። ከሩቅ የሚመጣው ድምፅ ደካማ ስለሆነ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት መዝለል አይችልም፣ ወደ ሣጥኗ ይገባል። መብረቅ ግን ጉልበተኛ ነው፤ ይዘልና ወደ መሬት ይወርዳል። እንዲህ ከተደረገ ሽቦ መንቀል የለም። አብዱልሀኪም እስከዚያ ቀን ያልሞከረው መሬት መቆፈር ዓይን ይስባል ብሎ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አሁን ነው፣ አለና ይህኛውን መረጠ።

ብረቱም ሽቦውም ከእንዳለው መጣ። ብረቱ ያረጀ ማረሻ ነው። ሽቦውን ከየት እንዳገኘው አብዱልሀኪም ባይጠይቅም ሲያየው ገባው፤ ወደ ጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቆረጠ የምሽጉ ስልክ ሽቦ ነበር። እሱም ቢሆን የሚያሰቅል ነው። አንድ ሰው ስንቴ ይሰቀላል ብሎ ተቀበለው።

የቀረው የት ይቀበር የሚለው ነበር። የአብዱልሀኪም ጓሮ አንድ ክንድ ሳይቆፈር ድንጋይ ነው። የዓደኑ ሰው ደግሞ እርጥብ ቦታ፣ ከቤት ራቅ ያለ ብሎታል። ከአጥሩ ማዶ፣ ከእማሆይ ሸጋዬ ዋርካ ሥር፣ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ረግረግ አለ። ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። ናዚፋ «ይጠየቁ እንጂ» አለች። ቢጠየቁ ምን ተብለው ይጠየቃሉ? ያላወቀ አይጠየቅም፣ ባያውቁ ለርሳቸውም ይሻላል፣ አለ አብዱልሀኪም። ሰው ለራሱ የሚመቸውን ነገር ለሌላው አዝኖ ያደረገው ማስመሰል ያውቅበታል። ባልቴቷ ለጾም ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን በዋሉበት ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው ጠባብ ቦይ ቆፈሩ፤ ማረሻውን ቀበሩ፣ ሽቦውን አለበሱ፣ ሣሩን እንደ ነበረ መልሰው ረገጡት። ሲጨርሱ ዳለቻዋ ላም መጥታ አሸተተችው።

ከዚያ ወዲህ አብዱልሀኪም እንቅልፍ አጣ። የተመለሰው ሣር ከሌላው ተለይቶ ቢጫ ሆነ። ደረሰ የሚባለው የምሽጉ ባንዳዎች አለቃ፣ እዚያው ቡሬ የተወለደ ሰው፣ ከመቼውም በላይ ሱቅ ማዘውተር ጀመረ። አንድ ቀን ኩታ እያስለካ፣ «በዝናብ ልብስ የምታሰጣ ሴት ያየሁት አንተ ቤት ነው» አለ። አብዱልሀኪም ክንዱ ላይ ያለው ጨርቅ ከበደው። «ልጆች በዝተዋል ጌታው፣ ጨርቅ አይበቃንም» አለ። ደረሰ ሳቀና ሂሳቡን ሳይከፍል ወጣ።

ሁለት ማታ ሰማዩ ዝም ብሎ አደረ፤ ሬድዮዋ ብትሰማም የሩቅ መብረቅ ጫጫታ እየገባባት የሚጨበጥ ቃል ጠፋ። ሦስተኛው ቀን ገበያ ነበር። እንዳለው ኑጉን ሸጦ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የመጣው ደመና ቡሬን እስከ አፍንጫዋ ሸፍኗታል። አብዱልሀኪም ሶላቱን ጨርሶ ሣጥኗን ከፈተ። ነጎድጓዱ ቀረበ። እጁ ወደ ሽቦው ሄደና ተመለሰ።

«ተወው» አለ እንዳለው።

ተወው። ዐረብኛው ጥርት ብሎ መጣ። የሬድዮው ሰውዬ ገና ስለ ጀርመን እያወራ ሳለ ቤቱ በነጭ ብርሃን ተሞላ፤ ነጎድጓዱም አብሮ ወረደ። ባሕር ዛፉ ሲሰነጠቅ ሰሙት። የሸክላዋ ቁራጭ ጠቁራ ለሁለት ተከፈለች፣ ጓዳው የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ናዚፋ ልጆቹ ላይ ተደፋች። አብዱልሀኪም ሬድዮዋ ሞተች ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሣጥኗ ግን አንዴ አጓራችና ንግግሯን ቀጠለች።

በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ማዶ ኡኡታ ተሰማ። የእማሆይ ሸጋዬ ድምፅ ነው፦ «ላሜን! ላሜን! የጎረቤት ያለህ!»

ናዚፋ የባሏን ትከሻ ያዘች። «ሂድ ሽቦውን ከሥሩ ቁረጥ፣ ማረሻውን አውጣ፣ ሰው ሳይደርስ!»

«ቆይ።»

«አሁን ነው እንጂ!»

«ቆይ አልሁሽ፣ ይጨርስ!»

ቆየ። ይህ መቆየት ነው ነገሩን ሁሉ ያመጣው። ሰውየው ጨረሰ፦ ኢጣሊያ ከጀርመን ጎን ቆማ እንግሊዝን ወግታለች፣ የእንግሊዝ አውሮፕላኖችም የጣልያንን ምሽጎች እየደበደቡ ነው። አብዱልሀኪም ቃል በቃል ለእንዳለው ነገረው። እንዳለው ተነስቶ ግንባሩን ሳመው፣ ጋቢውን ተከናንቦ በኋላ በር ዝናቡ ውስጥ ገባ። ወሬው በጊዜው ደረሰ፤ በሐምሌ አቦ የምሽጉ በር ላይ ጠመንጃ ይዞ የታየ ሰው አልነበረም።

አብዱልሀኪም ቢላዋ ይዞ ወደ አጥሩ ሲሮጥ ግን ከማዶ ሰው ሞልቶ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፣ ገና ዓይን ለዓይን ያስተያያል። ላሟ ከዋርካው ሥር፣ ከታሰረችበት ችካል አጠገብ፣ እግሯን ዘርግታ ወድቃለች። ጎረቤቱ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ መጥቷል። በዚያ አገር መብረቅ ሲወድቅ ብረቱን መሬት ውስጥ ትቶ ይሄዳል ይባላል፤ ብረቱ ሳይቀዘቅዝ ካልወጣ ወንድሙን እየጠራ እዚያው ቦታ ይመላለሳል። ስለዚህ ተሰብስበው ይቆፍራሉ። ብዙ ጊዜ የሚገኝ የለም፤ ጥቁር ድንጋይ ከተገኘ ቤተ ክርስቲያን ይወሰድና ጠበል ይረጭበታል። ቡሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን እንዴት ይረሳል? አብዱልሀኪም ራሱ በልጅነቱ ስንት ጊዜ ቆፍሯል። ስለ ሣሩ አሰበ፣ ስለ ባንዳው አሰበ፤ ጎረቤት ለደግነቱ ዶማ ይዞ እንደሚመጣ ግን ከሐሳቡ ጠፋ።

«አብዱ፣ ና አግዘን!» አሉት። ዶማ ተቀበለ። «እዚያ ጋ ሳይሆን አይቀርም የገባው» እያለ ወደ ጥግ ሊወስዳቸው ሞከረ፤ ማን ይስማው? መሬቱ የተሰነጠቀበት ቦታ በግልጽ ይታያል። ጥቂት እንደ ቆፈሩ የአንዱ ዶማ ብረት ነካ።

«ማረሻ! የሰማይ ማረሻ!»

ሴቶቹ አማተቡ። ማረሻው ጭቃ ለብሶ ወጣ። ጫፉ ላይ ግን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበት ነበር፤ ሽቦው የክንድ ያህል ሄዶ ቀልጦ ተቆርጧል።  ሰማይ ማረሻ ሊኖረው ይችላል፤ ሽቦ ጠምጥሞ የሚያስር ግን ሰው ብቻ ነው።

ኡኡታውን ሰምቶ ከምሽጉ የወረደው ደረሰ ሕዝቡን እየገፋ መጣ። ሽቦውን በጣቱ ጠረገና አየው። «ይኼ የመንግሥት ስልክ ሽቦ ነው» አለ። ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። «መሬቱ የማን ነው?»

 መመለስ አያስፈልግም ነበር፤ ባልቴቷ ከላማቸው ራስጌ ተቀምጠዋል።

«አንቺ፣ ተነሽ!» አላቸው። ቆብ የደፉትን አንቺ ሲላቸው ከሕዝቡ መካከል የማጉረምረም ድምፅ ተሰማ።

«ምን ስልክ ልጄ? እኔ ላሜን ነው የማውቅ» አሉ እማሆይ ሸጋዬ። ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው። ጭቃው አዳለጣቸውና ተንበረከኩ።

አብዱልሀኪም ዶማውን እንደ ያዘ ቆሟል። ሽቦው ተቆርጧል፣ ቢጫው ሣርም በሰው እግር ተረግጦ ጠፍቷል፤ ወደ አጥሩ የሚያመለክት ነገር የለም። ዝም ቢል ሣጥኗ ትተርፋለች፣ እሱም ይተርፋል፣ እንዳለውም ነገ ተመልሶ ይመጣል። ከአጥሩ ቀዳዳ ናዚፋ ታየዋለች፤ ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች፣ አትናገር ማለቷ ነው።  ያን መብረቅ ከቤቱ ሲያስወጣው ወዴት እንደሚሸኘው ያውቅ ነበር፤ ማን ዘንድ እንደሚያርፍ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ራሱን አልጠየቀም።

«ልቀቃቸው» አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «ማረሻው የኔ ነው። ሽቦውም። ቤቴን መብረቅ እንዳይመታው እኔ ቀበርሁት።»

ናዚፋ ከአጥሩ ቀዳዳ ጠፋች። ሣጥኗን ይዛ በየት በኩል ወደ ወንዙ እንደ ወረደች እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ደረሰ እየሳቀ ወደሱ ዞረ። እማሆይ ሸጋዬ ግን በጉልበታቸው እንዳሉ ቀና ብለው ተመለከቱት። ስለ ስልኩም ስለ ጣልያኑም የሰሙ አይመስሉም።

«አብዱ» አሉ፣ «ላሜን የገደልኻት አንተ ነህ?»

«አዎ እማሆይ።»

«መብረቁን ወደኔ ነዳኸው?»

«ወደ አንቱ ነዳሁት።»

ከዚህ በላይ አልጠየቁትም። ደረሰ እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዞ በተገኘው የመዳብ ሽቦ ያስረው ጀመር። ሽቦው ሥጋው ውስጥ ሲገባ አብዱልሀኪም ተቃሰተ። ባልቴቷ እየተንገዳገዱ ተነሡ፤ ወደ ላማቸው ሄደው አንገቷ ላይ ያለውን የቆዳ ጠፍር ፈቱ፤ አመጡና ለደረሰ ዘረጉለት።

«ሽቦ እጅ ይቆርጣል» አሉ። «በዚህ እሰረው። እኔ ከእንግዲህ የማስረው የለኝም።»

ደረሰ ለምን እንደ ታዘዛቸው እሱም አያውቅም፤ ሽቦውን ፈትቶ በጠፍሩ አሰረው። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸውና ወደ ምሽጉ ወሰዱት። ናዚፋ በሳምንቱ ልብሱን ውሰጂ ተብላ ምሽጉ በር ድረስ ተጠራች። ጠፍሩ ከልብሱ ጋር ተጠቅልሎ ነበር። ልብሱን ለልጆቹ አስቀመጠችና ጠፍሩን በአጥሩ ቀዳዳ ለእማሆይ ሸጋዬ መለሰችላቸው።